ሰፈር ሲታደስ ነዋሪው ምን ይላል?

ቤት አላህ ለሰው ልጅ ከዋለላቸው ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ነው። ሰው ከድካሙ የሚያርፍበት፣ ገመናውን የሚሸሽግበት፣ ልጆቹን በሥርዓት የሚያሳድግበት፣ እንግዳውን የሚቀበልበት ስፍራ ነው። ቤት ያለው ሰው ይህን ጸጋ አዘውትሮ ላያስታውሰው ይችላል። ቤት ያጣ፣ ወይም «ቤትህ ይፈርሳል» የተባለ ሰው ግን ዋጋውን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ይህ ጸጋ በከተሞቻችን እጅግ እየተወደደ ከመጣ ሰንብቷል። በአዲስ አበባ አንድ ወገን ቤት አጥቶ ለዓመታት ወረፋ ይጠብቃል። ሌላው ወገን ደግሞ የኖረበት ሰፈር ለመልሶ ማልማት ተፈልጎ «ተነሥ» ይባላል። ሁለቱም ችግረኞች ናቸው። የአንዱን ችግር ለመፍታት ሌላውን ማንሣት የግድ ሲሆን፣ የሚነሣው ሰው ምን ያህል ሊጠየቅና ሊደመጥ ይገባል? ለጥያቄው ፈጣን መልስ የሚሰጡ ብዙዎች ናቸው። አንዳንዱ «ልማት ለሁሉም ስለሆነ ማንም ሊያደናቅፈው አይገባም» ይላል። ሌላው «ሰው ከቀየው ለምን ይነካል?» ይላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ከሁለቱም አቅጣጫ ነገሩን ረጋ ብለን ለማየት እንሞክራለን።

ችግሩ ከየት መጣ?

የዛሬውን ለመረዳት ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን በሙሉና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በላይ የሆኑትን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዛቸው። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

አዋጁ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ እፎይታ ነበር። ኪራዩ ዝቅ አለ፤ ተከራይም «ነገ ውጣ» ከሚል አከራይ ዳነ። ነገር ግን ከጥቅሙ ጋር ጉዳትም መጣ። በጥቂት ብር የሚከራይ ቤት ለራሱ እድሳት የሚበቃ ገንዘብ አያስገባም። ቀበሌው ለመጠገን አቅም የለውም፤ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን ለማፍሰስ ያመነታል፤ ቢፈልግም ፈቃድ ማግኘት ቀላል አይደለም። በእንጨትና በጭቃ የተሠሩት ቤቶች ዓመት በመጣ ቁጥር አዘሙ፣ ጣሪያቸው ዛገ፣ አንዱ መጸዳጃ ቤት ለብዙ አባወራዎች የጋራ ሆኖ ቀረ። ልጆች አድገው ሲያገቡ አዲስ ጎጆ መውጫ ስለሌላቸው እዚያው ክፍል ውስጥ መጋረጃ ጋርደው መኖር ጀመሩ። ደባል ተጨመረ። ሰፈሩ ተጨናነቀ።

በዚያው ላይ የከተማዋ ሕዝብ ጨመረ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከ2 ሚሊዮን 7 መቶ ሺ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ብዙ እንዳደገ በየታክሲ ሰልፉ የምናየው ነው። መሬት በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1986 በሊዝ እንዲያዝ ከተደረገ በኋላም፣ ለጨረታ የሚበቃ ገንዘብ የሌለው ሰው በራሱ ጎጆ የመቀለስ ተስፋው ጠበበ።

የኮንዶሚኒየም ቤቶች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ሲስፋፋ የብዙዎች ተስፋ ለመለመ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ450 ሺ በላይ ቤት ፈላጊዎች ተመዘገቡ። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ሁለተኛ ምዝገባ ደግሞ ቁጥሩ ከ9 መቶ ሺ በላይ ደረሰ። በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 መርሐ ግብሮች ሰዎች በንግድ ባንክ መቆጠብ ጀመሩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠርተው በዕጣ ተላልፈዋል። የተመዘገበው ሁሉ ግን አልደረሰውም። በ1997 የተመዘገቡ ሰዎች ሳይቀሩ ልጆቻቸው ለትዳር ደርሰው እነርሱ ገና ወረፋ ላይ የቆዩ አሉ። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ ማጭበርበር ተገኝቶበት ተሰርዞ፣ እንደገና በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እስኪወጣ ድረስ ቆጣቢው የነበረበትን ጭንቀት የምናስታውሰው ነው።

ወደ ጎን ወይስ ወደ ላይ?

እንግዲህ ቤቱ መሠራት አለበት። ጥያቄው «የት ይሠራ?» የሚለው ነው። ለብዙ ዓመታት መልሱ «ዳር ላይ» ነበር። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ የመሳሰሉት ግዙፍ መንደሮች የተሠሩት ከከተማው ዳር ነው። ዳር ላይ ሲሠራ መሬቱ ባዶ ይመስላል። ግን ባዶ አይደለም፤ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት፣ ከብት የሚሠማራበት፣ ገበሬ ከነቤተሰቡ የሚኖርበት ነው። ከተማዋ ወደ ጎን በሰፋች ቁጥር የቤት ችግሩ ዕዳ በገበሬው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ኖሯል። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ከጠፋበት በኋላ ጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቆም መደረጉን ማንም አይረሳውም። ከዚያ ትምህርት ካገኘንበት፣ አንዱ ይህ ነው፦ የሚነካውን ሕዝብ ሳያሳትፍ የተነደፈ ፕላን በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር መሬት ላይ አይጸናም።

ወደ ጎን መስፋት እንዲህ ከከበደ የሚቀረው መሐል ከተማውን አጠጋግቶ ወደ ላይ መሥራት ነው። መሐል ላይ መንገድ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል አለ። አንድ ፎቅ የነበረው ቦታ አምስትና ሰባት ፎቅ ሲሆን ለብዙ ሰው መጠለያ ይወጣዋል። ይህን እኛም እናምንበታለን። ነገር ግን የመሐል ከተማ መሬት ላይ የሚኖር ሰው አለ። ገበሬው መጠየቅ ነበረበት ካልን፣ የልደታና የካዛንቺስ፣ የፒያሳና የተክለሃይማኖት ነዋሪም መጠየቅ አለበት።

ነዋሪው የሚያውቀው ነገር

«ነዋሪ ስለ ፕላን ምን ያውቃል? ይህ የባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። በርግጥ የሕንፃ መሠረት ስንት ሜትር ይቆፈር የሚለው የመሐንዲሱ ሥራ ነው። ኑሮ እንዴት እንደሚኖር የሚያውቀው ግን የሚኖረው ሰው ነው።

ጥቂት ምሳሌዎችን እናንሣ። ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ እናቶች መጀመሪያ የሚያነሡት የእንጀራ ነገር ነው። ምጣድ ለማጣድ የሚበቃ ማእድ ቤት፣ ጭሱና እንፋሎቱ የሚወጣበት መስኮት፣ ምጣዱን የሚችል የመብራት መስመር ያስፈልጋል። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት የማን ዕጣ እንደሚሆን እናውቃለን፤ የሴቶችና የልጆች ነው። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ከቤት ሳይወጡ ቀናት ይቆያሉ። ለጀመዓ ሶላት ወደ መስጊድ መውረድ የናፈቃቸው አባቶች ጥቂት አይደሉም።

ሐዘን ሲመጣም ችግሩ ጎልቶ ይታያል። ጀናዛ የሚታጠብበት ስፍራ የት ነው? ቃሬዛው በጠባቡ ደረጃ እንዴት ይወርዳል? ድንኳን የት ይተከላል? ለዒድ አል-አድሓ ኡድሒያ የሚያርድ ሰው በጉን የት ያርዳል፣ ደሙና ቆሻሻውስ ወዴት ይሄዳል? ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም በበዓሉ ቀን ይህንኑ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች ሲነደፉ ለማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለማብሰያ የሚሆኑ የጋራ ቤቶች አብረው መታሰባቸው መልካም ነበር። እንዲህ ያለው ነገር የሚታሰበው ግን የሚኖረውን ሰው አኗኗር ሲያውቁት ነው። ሳይጠይቁ ቢሠሩት ወይ በሩቅ ጥግ ይቀራል፣ ወይ ለሌላ ጥቅም ይውላል።

ሌላው የዕለት ጉርስ ነገር ነው። በድሮው ሰፈር ቤትና ሥራ አይለያዩም። እናት በራፏ ላይ ጉልት ዘርግታ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። አንዷ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ ታስረክባለች። ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን ደጁ ላይ አውጥቶ ይሠራል። ገበያው፣ ደንበኛው፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ሁሉ በእግር መንገድ ነው። ይህን ሰው ከከተማ ዳር ወስደን ንጹሕ ቤት ብንሰጠው ቤቱን አግኝቶ ገቢውን ያጣል። ደመወዝ የሌለው ሰው ደግሞ የባንክ ዕዳውን መክፈል አይችልም። ዕጣ የወጣላቸው ብዙ ሰዎች ወርሃዊ ክፍያው ከብዷቸው ቤቱን አከራይተው እነርሱ መሐል ከተማ ወዳለ ጠባብ ክፍል መመለሳቸው የታወቀ ነው።

ከሁሉም በላይ ዕድር አለ። ዕድር ስንል በሞት ጊዜ ገንዘብ የሚሰጥ ማኅበር ብቻ ማለታችን አይደለም። የታመመውን የሚጠይቅ፣ ወላጅ ያጣውን ልጅ የሚያይ፣ በሐዘን ቀን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ድንኳን ሥር የሚቀመጡበት ትስስር ነው። በዕጣ የሚበተን ሰፈር ይህን ይበትናል። አንዱ የካ አባዶ፣ ሌላው ጀሞ፣ ሦስተኛው ኮዬ ፈጬ ሲደርሰው ለሐዘን ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየር ግድ ነው። ለዓመታት የከፈለበት ዕድር በሩቅ ይቀራል። ልጆች ከመድረሳቸው፣ ከኡስታዛቸው፣ ከጓደኞቻቸው ይለያያሉ። ይህ ኪሳራ በካሳ ሠንጠረዥ ውስጥ አይጻፍም። ሳይጻፍ ግን ይከፈላል፤ የሚከፍለውም ቤተሰቡ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው የሚገርመው፣ ነዋሪ መጠየቅ እንዳለበት ሕጋችን ራሱ በግልጽ የሚናገር መሆኑ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የማኅበረሰባቸውን ጥቅም በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ እንዲያገኙ ያዛል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም የሕዝብ ተሳትፎን ከፕላን ዝግጅት መርሆዎች አንዱ አድርጎታል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትና ካሳ የሚከፈልበት አዋጅ ቁጥር 1161 ሲወጣ ደግሞ፣ ባለይዞታዎች ቦታውን ከመልቀቃቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት ውይይት እንዲደረግባቸው ይል ነበር። አቅሙና ፍላጎቱ ያላቸው ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ራሳቸው እንዲያለሙ ቅድሚያ እንዲሰጣቸውም አስቀምጧል። የሚቃወም ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት አካልም አቋቁሟል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? አንደኛው ሕጉ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ባለይዞታ መሆኑ ነው። የመሐል ከተማው ድሃ ግን በብዛት ባለይዞታ አይደለም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው፣ ወይም የተከራይ ተከራይ ነው። ለቀበሌ ተከራይ በአሠራር ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ሲሰጠው ቆይቷል። ቅድሚያ ክፍያውን ያላገኘ ግን ዕድሉ በእጁ እያለ ያመልጠዋል። ደባሉማ ከናካቴው ስሙ በመዝገብ ላይ የለም። ከዓመታት በላይ በአንድ ግቢ የኖረ፣ ልጆቹን እዚያ የወለደ ሰው በቆጠራው ቀን «አንተ ማን ነህ?» ሊባል ይችላል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የኮሪደር ልማቱ በፒያሳ ሲጀመር፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም ካዛንቺስ ስትነሣ፣ ሥራው የተካሄደበት ፍጥነት ብዙዎችን አስደንቋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ የእግረኛ መንገዱ ተነጥፏል። ከተነሡት መካከል እንደ ገላን ጉራ ባሉ አዳዲስ መንደሮች ከቀድሞው የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ፤ ይህን መካድ ሐቅን መሸሸግ ነው። የዚያኑ ያህል ብዙ ተነሺዎች የተሰጣቸው ጊዜ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በቀናት የሚቆጠር እንደነበር በወቅቱ ተናግረዋል። ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ለመመካከር አይበቃም።

ሦስተኛው «ውይይት» የሚባለው ነገር ራሱ ነው። ፕላኑ አልቆ፣ ካርታው ተስሎ፣ ቀኑ ተቆርጦ ሕዝብ አዳራሽ ሲጠራ ያ ማሳወቅ እንጂ ማማከር አይደለም። ጥያቄ ያነሣ ሰው «ልማት ጠል» እንዳይባል ፈርቶ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ደገፈ» ተብሎ ይጻፋል።

የዑመርና የዐባስ ጉዳይ

ይህ ነገር ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። የታሪክ መጻሕፍት እንደሚተርኩት፣ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በ17ኛው ዓመተ ሒጅራ የመዲናን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ለማስፋት ተነሡ። ሙስሊሙ በዝቶ ነበር፤ መስጊዱም ጠቧል። ከመስጊዱ አጠገብ የነቢዩ አጎት የዐባስ (ረ.ዐ.) ቤት ነበር። ኸሊፋው ቤቱን እንዲሸጡ ጠየቋቸው፤ ዐባስ እምቢ አሉ።

ኸሊፋው ምን አደረጉ? ሥልጣን በእጃቸው ነበር። ጉዳዩም የአላህ ቤት ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ጥቅም አይገኝም። ሆኖም ቤቱን አላፈረሱም። ሁለቱም ተስማምተው ወደ ኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ.) ለዳኝነት ሄዱ። ኡበይም ለዐባስ ፈረዱ፤ ባለቤቱ ሳይወድ ቤቱ እንደማይወሰድ ወሰኑ። ኸሊፋው ፍርዱን ተቀበሉ። መብታቸው ከተረጋገጠ በኋላ ግን ዐባስ ቤታቸውን ያለ ምንም ዋጋ ለሙስሊሞች ሰጡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ እንበል። መጀመሪያ፣ ታላቅ የሕዝብ ጥቅም ስላለ ብቻ የግለሰቡ ሐቅ አልተረገጠም። ከዚያም፣ ሰውየው ሐቁ ሲከበርለት እጁ ለመስጠት ተፈታ። በኃይል የተወሰደ ነገር ቂም ይተክላል፤ በምክክር የተሰጠ ግን በረካ አለው። ሹራ፣ ማለትም መመካከር፣ ለመሪም ለቤተሰብም የታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የቤት እጥረትና የሰፈር መልሶ ማልማት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የታይላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 «ባን ማንኮንግ» የተባለ መርሐ ግብር ጀመረ። በዚህ አሠራር የድሃ ሰፈር ነዋሪዎች መጀመሪያ ሰፈራቸውን ራሳቸው ይቆጥራሉ። ቤቱ፣ ደባሉ፣ አረጋዊው ሁሉ ይመዘገባል። ቀጥለው እንደ ዕቁብ ያለ የቁጠባ ቡድን ያቋቁማሉ። ከዚያ ባለሙያ መሐንዲስ አጠገባቸው ተቀምጦ አማራጮችን ያሳያቸዋል፦ እዚያው ቦታ ላይ ማደስ፣ ቤቶቹን አጠጋግቶ እንደገና መሥራት፣ ቦታውን ከባለመሬቱ ጋር ተካፍሎ በድርሻቸው ላይ ጠጋ ብሎ መኖር፣ ወይም በቅርብ ወዳለ ሌላ ቦታ መዛወር። መንግሥት ብድሩንና የመሠረተ ልማቱን ወጪ ያግዛል። ውሳኔው ግን የማኅበሩ ነው።

ለንደን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ነባር የድሃ መኖሪያ ሕንፃዎችን አፍርሶ ለሚሠራ ትልቅ ፕሮጀክት የከንቲባው አስተዳደር ገንዘብ እንዲሰጥ ከተፈለገ ነዋሪዎች ድምፀ ውሳኔ መስጠት አለባቸው። ድምፅ የሚሰጡት ተከራዮችና እዚያው የሚኖሩ ባለቤቶች ብቻ አይደሉም፤ በግቢው እየኖሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በቤት ፈላጊ መዝገብ ላይ የቆዩትም ናቸው። እኛ «ደባል» የምንለውን ሰው እዚያ መዝገብ ያስታውሰዋል ማለት ነው። ሰው ሲጠየቅ ሁልጊዜ እምቢ ይላል ብሎ የሚሠጋ ካለ፣ ከእነዚህ ድምፀ ውሳኔዎች አብዛኞቹ በድጋፍ መጠናቀቃቸውን ይወቅ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድምፅ እንደሚሰጥበት የሚያውቅ አስተዳደር አስቀድሞ የተሻለ ሐሳብ ይዞ ይቀርባል።

ሲንጋፖር ለነዋሪው ድምፅ ብዙ ቦታ የምትሰጥ አገር አይደለችም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1995 በጀመረችው የመልሶ ግንባታ አሠራር ነባር ሕንፃዎች ሲፈርሱ ለነዋሪው በቅርብ አዲስ ቤት ይዘጋጅለታል፤ ጎረቤታሞችም አብረው እንዲዛወሩ ዕድል ይሰጣቸዋል። ዕድራችንን ለሚያሳስበን ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከካራቺም አንድ ትምህርት አለ። ፓኪስታናዊው አርክቴክት ዓሪፍ ሐሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ብዙ ሰው በትንሽ ቦታ ለማኖር የግድ ረጃጅም ሕንፃ እንደማያስፈልግ፣ በአነስተኛ ቦታ ላይ ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ የሚያሳድገው ሁለትና ሦስት ፎቅ ቤት ተመሳሳይ ጥግግት ሊሰጥ እንደሚችል አሳይተዋል። ምድር ቤቱ ሱቅና የሥራ ቦታ ሆኖ ይቀራል፤ ልጅ ሲያገባ ከላይ ይጨመርለታል።

ለመሆኑ በእኛው አገርስ ምሳሌ የለምን? መርካቶ አለ። ነባር ነጋዴዎች «ቦታው ለውጭ ሰው በጨረታ ከሚሰጥ እኛው እናልማው» ብለው በአክሲዮን ማኅበር ተደራጅተው የገበያ ሕንፃዎችን ገንብተዋል። ነጋዴው ገንዘብ ስላለው ተደማጭነት አገኘ። የቀበሌ ቤት ነዋሪው ገንዘብ ባይኖረው እንኳ የመደራጀት ችሎታ አለው። ዕድሩ ምስክር ነው።

ወረፋ ላይ ያለው ሰውስ?

እስካሁን ስለሚነሣው ነዋሪ ተናገርን። ፍትሕ ግን ሌላውን ወገንም እንድናስብ ያስገድደናል። በ1997 ተመዝግቦ፣ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ እየቆጠበ፣ በየጊዜው በሚንር ኪራይ ከሰፈር ሰፈር የሚንከራተት ሰው አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን መደንገጉ እፎይታ ቢሰጠውም፣ ቤት ግን አልሆነለትም። ይህ ሰው የመሐል ሰፈሩ ስብሰባ ላይ አይጠራም፤ ገና እዚያ አይኖርምና። ነዋሪው «በጎጆዬ ላይ ምንም አይሠራ» ቢል ዕዳው በዚህ ሰውና በከተማው ዳር ባለው ገበሬ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ የነዋሪ ድምፅ ስንል ሁሉን ነገር የማገድ ሥልጣን ማለታችን አይደለም። ሰፈር ሁለት ጥያቄ አለበት። አንዱ «እዚህ ተጨማሪ ሰው ይስፈር ወይ?» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ከተማው በሙሉ ያገባዋል፤ የጎረቤት ሐቅ ያስተማረን ሃይማኖት በሩን በቤት አጡ ወንድም ላይ እንድንዘጋ አይፈቅድልንም። ሌላው «እንዴት ይሠራ? እኛስ ወዴት እንሂድ? መቼ? ከማን ጋር? ተመልሰን እንገባለን ወይ?» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ግን የመጀመሪያው ተናጋሪ ነዋሪው ሊሆን ይገባል። ሁለቱን ጥያቄዎች ስናደባልቅ ነው አንዱ ወገን ልማት ጠል፣ ሌላው ጨካኝ ተብሎ የሚሰዳደበው። በቅድሚያ ባዶ ቦታ ላይ ወይም ፈርሰው ለዓመታት ታጥረው በቆዩ ቦታዎች ላይ ሠርቶ፣ ነዋሪውን ከዚያው አካባቢ ሳያርቁ አዛውሮ፣ ቀጥሎ የእርሱን ቦታ ማልማት ለሁለቱም ወገን የሚበጅ መንገድ ነው። ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣል፤ የሚነሣውም ወደሚያውቀው ሰፈር ነው። በተለቀቀው ቦታ ላይ ደግሞ ወረፋ ጠባቂው ቤት ያገኛል።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን፣ ሰፈራችሁ ለመልሶ ማልማት መታሰቡን ስትሰሙ ከጭንቀት በፊት ሥራ ይቅደም። አንደኛ፣ ሰነዳችሁን አሰናዱ። የኪራይ ውል፣ የኪራይ ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ፣ የነዋሪነት መታወቂያ በአንድ ቦርሳ ይቀመጥ፤ ቅጂውም በዘመድ ቤት ይኑር። ውርስ ወይም ፍቺ ያልተቋጨበት ቤት ካለ አሁኑኑ ይቋጭ። በሟች አባት ስም የቀረ ቤት በቆጠራ ቀን ወንድማማችን ያጣላል።

ሁለተኛ፣ የዕድሩ መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው። ማን የት እንደሚኖር፣ ስንት ቤተሰብ እንዳለው፣ ማን አረጋዊ፣ ማን አካል ጉዳተኛ እንደሆነ ዕድሩ ከወረዳው በላይ ያውቃል። ከቆጠራው በፊት የራሳችሁን ዝርዝር አዘጋጁ። ደባሉንም አትርሱት። ዛሬ እርሱን ከመዝገብ ብታስቀሩት ነገ ልጆቹ የሚወድቁት ከደጃችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ተወካይ ስትመርጡ ሴቶችን ምረጡ። የውሃውን፣ የምጣዱን፣ የልጆቹን መጫወቻ፣ የደረጃውን ነገር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በኮንዶሚኒየም ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች፣ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች እንዲሆን የተደረገው ችግራቸው ተለይቶ ስለታየ ነው። ችግሩ እንዲታይ ደግሞ የሚናገር አፍ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ስብሰባ ሲጠራ ካርታውን ለማየት ጠይቁ። «የአካባቢ ልማት ፕላኑ የት አለ?» በሉ። የምትፈልጉትን በአጭሩ በጽሑፍ አስገቡና የገባበትን ቁጥር ያዙ። «አንፈልግም» ከማለት ይልቅ «እንዲህ ቢሆን» ማለት ይበልጥ ይሰማል፦ ጎረቤታሞች በአንድ ሕንፃ ይመደቡ፣ አረጋውያን ምድር ቤት ይሰጣቸው፣ ጉልት ቸርቻሪዎች ከሥር ቦታ ይኑራቸው፣ የልጆች ትምህርት ዘመን ሳያልቅ ማንሣት አይጀመር። አቤቱታ ያላችሁ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ አቅርቡ፤ ቀን ያለፈበት ሐቅ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

አምስተኛ፣ ሐሰትን ራቁ። ትርፍ ቤት ለማግኘት ብሎ በወረቀት ላይ የሚፋታ ባልና ሚስት፣ ካሳ እንዲበዛለት በሌሊት ግድግዳ የሚያቆም ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ቃል ያራክሳል። አንድ ሰው ሲዋሽ የተያዘበት ሰፈር እውነቱን ሲናገርም አይታመንም።

ለባለሥልጣናትና ለባለሙያዎችም አንድ ቃል አለን። በእጃችሁ ያለው መሬት አማና ነው። የምታፈርሱት ግድግዳ ያረጀ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ከውስጡ ያለው ግን የሰው ዕድሜ ነው። ካርታው ከመሳሉ በፊት አንድ ቀን በሰፈሩ ውስጥ በእግር ተመላለሱ፤ ቡና ጠጡ፤ አዛውንቱን አነጋግሩ። ነዋሪው ያለው ሁሉ አይፈጸም ይሆናል። ያልተፈጸመበትን ምክንያት ግን ተመልሳችሁ ንገሩት። ሰው እምቢታን ይችላል፤ ንቀትን ግን አይችልም።

ኸሊፋው ዑመር ለመስጊድ የፈለጉትን ቤት ለዳኛ ካቀረቡ፣ ለመንገድና ለሕንፃ የምንፈልገውን ቤት ለምክክር ማቅረብ ሊከብደን አይገባም። አላህ ቤት ላጣው ቤት፣ ለተጨነቀው ሰላም፣ ለሚወስነው ፍትሕ ይስጥልን። ኣሚን።